የቅባት ዋጋና የቅባት ሥራ

የመዋቢያ ዕቃዎች ከሚሸጡበት መደብር ገብታችሁ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን የፊት ቅባቶች ተመልከቱ። አንዱ በተራ የፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ በጥቂት ብር ይሸጣል። ሌላው በወፍራም ብልቃጥ ተሞልቶ፣ ብልቃጡም በሚያብረቀርቅ ካርቶን ተከቶ፣ የመጀመሪያውን ሃያና ሠላሳ እጥፍ ይጠየቅበታል። ከሁለቱ አጠገብ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ትንሽ ዕቃ ተቀምጧል፤ በላዩም «ለዓይን ዙሪያ» የሚል ጽሑፍ ይነበብበታል። ገንዘብ የተረፈው ገዢ፣ «ባይሻል ኖሮ ባልተወደደ ነበር» ብሎ ውዱን ያነሣል። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ፣ «ርካሹስ በእርግጥ ይሠራ ይሆን?» እያለ ይጠራጠራል። ሁለቱም ሰዎች መመዘኛ ያደረጉት ዋጋን ነው። ነገር ግን ቅባት የሚመዘነው በዋጋው ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ፣ «ይሠራልን?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ «ምን እንዲሠራ ነው የምንፈልገው?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

የቅባትን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ የቆዳን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የአንድ ዐዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቆዳ በሦስት ንብርብር የተሠራ ነው። ከታች የስብ ንብርብር አለ። በመካከል የደም ሥሮች፣ ነርቮችና ቆዳን ወጥረው የሚይዙ ክሮች የሚገኙበት ወፍራም ንብርብር አለ። ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ሲሆን፣ የዚህ ሽፋን የመጨረሻው ገጽ የሞቱ ሕዋሳት ተነባብረው የሠሩት ነው። እነዚህን ሕዋሳት በግንብ ድንጋይ ብንመስላቸው፣ በመካከላቸው ያለው ቅባትነት ያለው ነገር ድንጋዮቹን እንደሚያያይዘው ጭቃ ነው። ይህ ግንብ ሁለት ተግባር አለው፤ በውስጥ ያለው ውሃ እንዳይወጣ ይጠብቃል፣ በውጭ ያለው ባዕድ ነገርም እንዳይገባ ይከላከላል። እነዚህን ሁለት ተግባሮች በልባችሁ ያዙ፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከእነርሱ የሚነሣ ነውና።

ቆዳ የሚደርቀው ግንቡ ላልቶ ውሃው በብዛት ሲተን ነው። ከምጣድ የወጣ እንጀራ ሳይከደን ቢያድር ጠርዙ እንደሚደርቅና እንደሚሰነጣጠቅ ሁሉ፣ ውሃው የተነነበት ቆዳም ይሻክራል፤ ወዙን አጥቶ አመድ ይመስላል፤ ጥቃቅን መስመሮችም ይታዩበታል። ለዚህ ችግር ቅባት እውነተኛ መፍትሔ ነው። መፍትሔ የሚሆነውም በሦስት መንገድ ነው። አንዳንዱ እንደ መሶብ ክዳን ሆኖ ውሃው እንዳይተን ይከድናል፤ ቫዝሊን ከዚህ ወገን ነው። አንዳንዱ ውሃን ወደ ራሱ ይስባል፤ ግሊሰሪን ከዚህ ወገን ነው። አንዳንዱም በደረቁ ሕዋሳት መካከል ያለውን ክፍተት እየሞላ ቆዳን ያለሰልሳል፤ የዕፅዋት ዘይቶችና ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን ከዚህ ወገን ናቸው።

ይህ ጥበብ ትናንት የተገኘ አይደለም። በአገራችን ቅቤ ለፀጉርም ለደረቀ ቆዳም ማለስለሻ ሆኖ ኖሯል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሐኪም ጋሌን የንብ ሰምን፣ ዘይትንና የጽጌረዳ ውሃን አዋሕዶ ቅባት እንዳዘጋጀ ይነገራል። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለው ኬሚስት ቫዝሊንን ከነዳጅ ዘይት ዝቃጭ አጣርቶ የሚያወጣበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. በአሜሪካ በስሙ አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ዘይትና ውሃ ሳይለያዩ ተዋሕደው እንዲቆዩ የሚያደርግ ንጥረ ነገር በመገኘቱ፣ ኒቪያ የተባለው ቅባት በጀርመን አገር ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የፊት ቅባቶች ስማቸውና ሽታቸው ቢለያይም፣ አብዛኛዎቹ በመሠረቱ ያው የዘይት፣ የውሃና የአዋሐጅ ድብልቅ ናቸው። ቫዝሊንና ግሊሰሪን ደግሞ ዛሬም ርካሽ ናቸው። እንግዲህ ሥራው ድርቀትን መከላከል ከሆነ፣ መልሱ ግልጽ ነው፤ ርካሹ ቅባት በእርግጥ ይሠራል። አባቶች፣ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ይህ አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ፊታችሁን ታጥባችሁ ቆዳው ገና ርጥበት እንዳለው ብትቀቡ፣ ክዳኑ የሚከድነው ውሃ ያገኛል።

የፊት መጨማደድን በተመለከተ ግን ጉዳዩ ይጠብቃል። መጨማደድ የሚመጣው በመካከለኛው ንብርብር ያሉት ክሮች በዕድሜና በፀሐይ ጨረር ሲላሉና ሲበጣጠሱ ነው። ከእነዚህ ክሮች ዋናው ኮላጅን ይባላል። ነጋዴው፣ «ኮላጅን ከጎደለ ኮላጅን ያለበትን ቅባት ተቀቡ» ይላል። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን የግንቡን ሁለተኛ ተግባር ዘንግቷል። የሞሎኪውሎች ክብደት የሚለካበት ዳልተን የሚባል መስፈርት አለ። በጠቅላላው ከ500 ዳልተን በላይ የሚመዝን ሞሎኪውል ጤናማ ቆዳን ዘልቆ ለማለፍ እጅግ ይቸገራል። የኮላጅን ሞሎኪውል 300,000 ዳልተን ያህል ይመዝናል። በጤፍ ወንፊት ባቄላ አያልፍም። ስለዚህ በቅባት ውስጥ ያለ ኮላጅን፣ ብልቃጡ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ ላይ ላዩን አለስልሶ ይቀራል እንጂ የተበጠሰውን ክር አይቀጥልም።

ዘልቀው የሚያልፉ ጥቂት ንጥረ ነገሮች መኖራቸው ግን አይካድም። ከእነዚህ መካከል በብዙ ጥናት የተፈተኑት የቫይታሚን ኤ ዝርያዎች ናቸው። ከነርሱም ትሬቲኖይን የተባለው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ለጥቃቅን የፊት መጨማደድ እንዲያገለግል ተፈቅዷል። ለውጡ የሚታየው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ቆዳንም ሊያቃጥልና ሊልጥ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችም እንዳይጠቀሙበት ይመከራሉ። እናንተ በምትገኙበት ዕድሜ ለመጨማደድ የሚሆን ቅባት እንደማያስፈልግ መናገር የሚያሻ አይመስለንም።

አንድ ርካሽ ቅባት እንዴት እንደተፈተነ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድርጅት ቢቢሲ፣ ቡትስ የተባለው የመድኃኒት መደብሮች ድርጅት ስለሚሸጠው አንድ መጠነኛ ዋጋ ያለው ቅባት መልካም ወሬ አሰማ። ሕዝቡም ወደ መደብሮቹ ጎርፎ ቅባቱን ከመደርደሪያ ላይ ጨረሰው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም.፣ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቅባት በ60 ሰዎች ላይ የፈተኑበት ጥናት ታተመ። ተመራማሪዎቹ ለግማሾቹ ቅባቱን፣ ለግማሾቹ ደግሞ ልዩ ንጥረ ነገሮቹ የሌሉበትን ተራ ቅባት ሰጡ። ከስድስት ወር በኋላ ቅባቱን ከተቀቡት ከመቶ 43ቱ፣ ተራውን ከተቀቡት ከመቶ 22ቱ የፊታቸው መጨማደድ ተሻሽሎ ተገኘ። ከዚህ ጥናት ሦስት ቁም ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ርካሽ ቅባትም ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ምንም ልዩ ነገር የሌለበት ተራ ቅባት እንኳ ከአምስት ሰዎች ለአንዱ ያህል ጠቅሟል። ሦስተኛ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ተጠቃሚዎች መሻሻል አላገኙም። እንግዲህ «እኔ ተቀብቼ ተሻለኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ «ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለዓይን ዙሪያ የሚሸጡት ቅባቶችስ? የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነት ቆዳ ሁሉ የሳሳ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል፤ በሥሩ ያሉት የደም ሥሮችም ጠቁረው ይታያሉ። ድርቀቱን ሽታ የሌለው ተራ የፊት ቅባት ያስወግደዋል። በትንሽ ዕቃ የሚሸጠው የዓይን ዙሪያ ቅባትም ብዙ ጊዜ ይዘቱ ከፊት ቅባት እምብዛም የተለየ አይደለም፤ በግራም ሲሰላ ግን ዋጋው ይንራል። ከዓይን ሥር ያለው ጥቁረትና እብጠት ግን መንሥኤው ብዙ ነው። በአንዱ ሰው ከቤተሰብ የተወረሰ የቆዳ ቀለም ነው፤ በሌላው የእንቅልፍ ማጣት ነው፤ በሌላው ዓይንን በሚያሳክክ አለርጂ ምክንያት ዘወትር ማሸት ነው፤ በዕድሜ በገፋ ሰው ደግሞ ከዓይን ሥር ያለው ስብ ወደ ፊት መግፋቱ ነው። የገፋን ስብ መልሶ የሚያስገባ ቅባት የለም። እንቅልፍና ዓይንን ከማሸት መቆጠብ ግን ምንም ዋጋ አይጠይቁም።

እዚህ ላይ የማስታወቂያን ቋንቋ ማጤን ለድርሰት ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። «የፊት መጨማደድን ያጠፋል» እና «የፊት መጨማደድ ጎልቶ እንዳይታይ ይረዳል» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አወዳድሩ። በመጀመሪያው የሚጠፋው መጨማደዱ ራሱ ነው። በሁለተኛው ግን መጨማደዱ በቦታው አለ፤ የሚለወጠው መታየቱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን «ይረዳል» በሚለው ግስ ለዝቧል። ይህ አጻጻፍ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ ሽፋሽፍትን ለማጥቆር የሚሸጥ አንድ ቀለም የተጠቃሚዎችን ዓይን አሳወረ። እንዲህ ያለው ጉዳት ከቀሰቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. በወጣው ሕግ፣ የሰውነትን አሠራር እለውጣለሁ የሚል ምርት እንደ መድኃኒት እንዲቆጠር ተደነገገ። ከዚህም የተነሣ የመዋቢያ ነጋዴ ስለ ቆዳው ሳይሆን ስለ ቆዳው መልክ መናገርን መረጠ። ግሱን አጥብቆ የሚያነብ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ቆዳን ከእርጅና በመጠበቅ ረገድ በጥሩ ማስረጃ የተደገፈው ነገር ከፀሐይ መከላከል ነው። በአውስትራሊያ በናምቡር ከተማ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል ተጠንተው፣ የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ታትሟል። ተመራማሪዎቹ የሰዎቹን የእጅ ጀርባ ቆዳ ቅርጽ በማንሣት ለውጡን መዘኑ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ቆዳ፣ በፈለጋቸው ጊዜ ብቻ ከተቀቡት ይልቅ እርጅናው በ24 በመቶ አንሶ ተገኘ። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮ ቀለሙ ከጨረር በከፊል ይጠበቃል፤ ሆኖም ጨርሶ አይጠበቅም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ በደጋ የሚኖር ሰው፣ «አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ መዘናጋት የለበትም። መከላከያ ቅባት ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰውም ጃንጥላ፣ ባርኔጣና ነጠላ አሉለት።

እስካሁን የተናገርነው ስለማይጠቅሙ ቅባቶች ነበር፤ የሚጎዱም አሉ። ከሁሉ የከፉት «ፊት ያቀላሉ» ተብለው የሚሸጡት ናቸው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ባዚቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ተገኝቷል። ባዚቃ በቆዳ ውስጥ አልፎ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ባዚቃ የሚጨመርባቸው መዋቢያዎች እንዲቀሩ ወስኗል። በሌሎቹ ውስጥ ደግሞ ሐኪም ብቻ ሊያዝዘው የሚገባ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ይገኛል። ይህ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያጠራል፤ ገዢም፣ «በርካሽ አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። ውሎ ሲያድር ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ብጉር ይወርሰዋል፤ መቀባቱን ሲተው ደግሞ ይብስበታል። በዓይን ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ድርቀት ጉድለት ነው፤ ጥቁረት ግን ጉድለት አይደለም። ጉድለት ላልሆነ ነገር መድኃኒት የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ በሽታውን ፈጥሮ ይሸጣል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት መደርደሪያ እንመለስ። ርካሹ ቅባት ቆዳን የማለስለስና ውሃን የመጠበቅ ሥራውን ከውዱ ባላነሰ ያከናውናል። የተበጠሰውን ክር የመቀጠል፣ የገፋውን ስብ የመመለስ ኃይል ግን ርካሹ የለውም፤ ውዱም የለውም። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ዕቃውን አዙራችሁ በውስጡ ያለውን አንብቡ፤ ምን አደርጋለሁ እንደሚል ግሱን መርምሩ፤ ምን እንዳለበት የማይናገር ቅባት ቢሆን ግን፣ በነጻ እንኳ ቢሰጣችሁ፣ ፊታችሁን አታስነኩት።

መልመጃ

1. ቅባት ድርቀትን የሚከላከልባቸውን ሦስት መንገዶች ከነምሳሌያቸው ዘርዝሩ።
2. በቅባት ውስጥ ያለ ኮላጅን የፊት መጨማደድን የማያጠፋው ለምንድን ነው? ጸሐፊው የተጠቀመበትን ምሳሌ በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
3. በማንችስተሩ ጥናት ለግማሾቹ ሰዎች ተራ ቅባት መሰጠቱ ምን ጥቅም አለው?
4. «ወዝ»፣ «መንሥኤ»፣ «ለዘበ»፣ «ባዚቃ» የሚሉትን ቃላት ከምንባቡ ባገኛችሁት ፍች ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
5. በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ ያገኛችሁትን አንድ ማስታወቂያ መርጣችሁ፣ በግሶቹ አማካይነት በእርግጥ ምን ቃል እንደገባና ምን እንዳልገባ የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።