ስለ ናፍጣ ሚኒባስ ጠባይና ስለ ገዢው ምርመራ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርደው ባለ ክፍያ ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ፣ ንጋቱ ገና ሳይለይ፣ ሠራተኛው ወደ ሳሪስና ወደ ጎተራ፣ ተማሪው ወደ ቂሊንጦ፣ ነጋዴው ወደ መርካቶ ለመሄድ ተሰልፎ የሚጠባበቀው፣ ከወገቡ በታች ሰማያዊ ከወገቡ በላይ ነጭ የተቀባው ሚኒባስ፣ ብዙውን ጊዜ ከሚሳፈርበት ተማሪ በዕድሜ የሚበልጥ የቶዮታ ሃይኤስ ነው። ይህን የመሰለ መኪና ገዝቶ በታክሲ ሥራ ለመተዳደር ያሰበ ሰው፣ ለዓመታት በዕቁብ ያጠራቀመውን፣ ከዘመድ የተበደረውንና አንዳንድ ጊዜም የአባቱን ቦታ ሸጦ ያገኘውን ጥሪት በአንድ ቀን በአንድ ሞተር ላይ የሚያፈስ ስለ ሆነ፣ የሚገዛውን ነገር ባሕርይ ከደላላው አንደበት ሳይሆን ከራሱ ከመኪናው ሊማር ይገባዋል።

ሞተሩ በዓለም ሁሉ የሚጠራው በጀርመናዊው መሐንዲስ በሩዶልፍ ዲዝል ስም ሲሆን፣ ይህ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ የተሳካለትን ሞተሩን ሲያስመረምር፣ መሠረተ ዐሳቡ ነዳጅን ያለ ብልጭታ ማቀጣጠል ነበር። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁና አየሩ አስቀድመው ተቀላቅለው በካንዴላ ብልጭታ ይነዳሉ፤ በናፍጣው ግን ፒስቶኑ አየሩን ለብቻው ወደ 20 እጥፍ ገደማ አጥብቆ ይጨምቀውና፣ አየሩም ከመጨመቁ የተነሣ ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሚግል፣ ናፍጣው በኢንጀክተሩ በኩል ደቅቆ ሲረጭበት በዚያው ቅጽበት ይቀጣጠላል። በናፍጣ ሞተርም ላይ ካንዴላ የሚባል ዕቃ አለ፤ ግብሩ ግን ሞተሩ በብርድ ሲነሣ የሚነድበትን ክፍል አስቀድሞ ማሞቅ ብቻ ነው።

ከዚህ አሠራር ለታክሲ ሥራ የሚስማማ ጠባይ ይወለዳል። የቤንዚን ሞተር ዝግ ብሎ ሲሠራ አየሩን በጠበበ በር በኩል እየታገለ የሚስብ ሲሆን፣ ናፍጣው አየሩን ያለ ከልካይ ይስባል፤ ኃይሉም የሚወሰነው በሚረጨው ነዳጅ መጠን ብቻ ስለ ሆነ፣ በቃሊቲ መንገድ ከጭነት መኪናዎች ኋላ ቆሞ ሲጠብቅ ወይም በተራው ውስጥ ሲንፏቀቅ የሚወስደው ነዳጅ እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣም ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት በውስጡ ይይዛል። ይህን ምሥጢር ቀድመው የተረዱት የአውሮፓ ባለታክሲዎች ነበሩ፤ መርሰዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 በበርሊን ያቀረበው 260 ዲ የተባለው ባለ ናፍጣ አውቶሞቢል ፈጣን ወይም ጸጥተኛ ሳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የማይከብድ በመሆኑ በታክሲነት እጅግ ተወደደ።

ሃይኤስ በጃፓን ለገበያ የቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ሲሆን፣ በእኛ ከተማ ታክሲ ሆነው የሚታዩት አብዛኞቹ በዚያው አቆጣጠር በ1989 የወጣው ትውልድና በ2004 የተከተለው ናቸው፤ ከፊተኛው ትውልድ አፍንጫው ሾል ያለውን ሕዝቡ ዶልፊን፣ የኋለኛውን ደግሞ አባዱላ እያለ ይጠራቸዋል። በሁለቱም ሞተሩ የሚገኘው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። የፊተኛው ትውልድ ናፍጣ ሞተሮች በገበያው ቋንቋ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል ይባላሉ፤ ይዞታቸውም በቅደም ተከተል 2,446፣ 2,779 እና 2,986 ሲሲ ነው። ሦስቱም አራት ሲሊንደር ያላቸው ሲሆኑ፣ ነዳጁን የሚያከፋፍለው በሞተሩ ጉልበት የሚዞር ፖምፓ እንጂ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መሣሪያ ስላልሆነ፣ አሠራራቸው በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ነው። ከቱ ኤል ወገን ቱርቦ የተጨመረለት ግን ቴስታታው በሙቀት በመሰንጠቁ ክፉ ስም ስላተረፈ፣ ለታክሲ ሥራ የሚፈልገው ሰው ቢያልፈው አይጎዳም።

የኋለኛው ትውልድ በብዙ ወገኑ የያዘው ሞተር ሌላ ዘመን ያመጣው ነው። ቱ ኬዲ ተብሎ የሚታወቀው ባለ 2,494 ሲሲ ሞተር ናፍጣውን ከአየር ግፊት ከ1,000 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ያከማችና፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ በኢንጀክተሮቹ አፍ ይረጨዋል፤ ቱርቦም አለው። ይህ በምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ከተማችን በተቀመጠችበት ከፍታ ይጠቅማል። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስትሆን፣ መኪናው ስምሪቱ ወደ ፒያሳ ወይም ወደ ሽሮ ሜዳ ቢያደርሰው ደግሞ ገና ብዙ ይወጣል፤ በዚህም ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ጉልበቱም ያንሳል፤ ፖምፓውም ለቆላ አገር እንደ ተስተካከለ ከመጣ፣ ለሳሳው አየር የበዛ ናፍጣ እየረጨ በዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያስወጣዋል። ቱርቦው ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን አብዛኛውን ይሞላለታል።

ታዲያ የኋለኛው ይሻላል ለማለት የሚያስቸኩል ይመስላል፤ እኔ ግን ለታክሲ ሥራ መኪና ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ጉልበቱ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን፣ ሲታመም ማን ያክመዋል የሚለው መሆን አለበት ባይ ነኝ። የግል አውቶሞቢል ሁለት ሳምንት ጋራዥ ቢተኛ ባለቤቱ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ታክሲ ሲቆም ግን የሾፌሩም፣ የረዳቱም፣ የባለንብረቱም እንጀራ አብሮ ይቆማል። በስሪ ኤል ወይም በፋይቭ ኤል ፖምፓ ላይ የደረሰውን ጉድለት የሰፈሩ መካኒክ በመስማት ብቻ ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም አዲስም ሆነ ያገለገለ በሶማሌ ተራ በየሱቁ ይገኛል። የቱ ኬዲ ኢንጀክተር ግን እጅግ የረቀቀ ሥራ በመሆኑ፣ በበርሜልና በጀሪካን ሲንከራተት ውሃ ወይም አቧራ በገባበት ናፍጣ በቀላሉ ይበላሻል፤ ሲበላሽም ኮምፒውተር ያለው ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የናፍጣ ማጣሪያውን በጊዜው የሚለውጥ፣ በማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያፈስና ከታመነ ማደያ በቀር የማይቀዳ ሰው አባዱላውን ቢገዛ አልነቅፈውም። ሌላው ሁሉ ከዶልፊን ጋር ቢስማማ ይሻለዋል።

ከሞተሩ ዓይነት ቀጥሎ፣ ወይም ከእርሱም በፊት፣ መጠየቅ ያለበት መኪናውን ይነዳው የነበረው ማን እንደ ሆነ ነው። በታክሲ ሥራ የቆየው ልማድ ሾፌሩ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የዕለት ገቢ እያስረከበ፣ ነዳጁን ችሎ የተረፈውን ለራሱ መያዝ ነው። እንዲህ ባለ ውል ውስጥ ቅጥሩ ሾፌር የሚያስበው ስለ ዛሬው ምልልስ እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ፒስቶን አይደለም፤ ሰው ስለ ሆነም አይፈረድበትም። የዘይት መለወጫው ቀን ያልፋል፤ የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲልም ሰልፉ እስኪያልቅ ይታለፋል። ስለዚህ ባለንብረቱ ራሱ ይነዳው የነበረ መኪና፣ ዕድሜው ጥቂት ቢገፋም፣ ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲተላለፍ ከኖረው ይበልጣል። ደላላው «ጋሼ፣ ሴት የያዘችው ናት፤ ሞተሩ ቁልፍ አልነካውም» ቢል፣ ለ15 ዓመት በታክሲነት ሠርቶ ቁልፍ ያልነካው ሞተር ሊያስደስት ሳይሆን ሊያሳስብ ይገባል፤ መልካም ሞተር በጊዜው የተነካ ነውና።

ምርመራው በማለዳ፣ መኪናው ካደረበት ሳይነሣ መሆን አለበት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ የሞተሩ ድካም ግማሹ ይሸሸጋል። ገዢው የፊት ወንበሩን አስነሥቶ ሞተሩን በእጁ ይዳስስ፤ ትኩስ ከሆነ በሌላ ቀን ይመለስ። ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኘው ግን ያስነሣና ወደ ማርሚታው ዞሮ ጭሱን ይመልከት፤ ጭስ የሞተር ኑዛዜ ነውና። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ ነጭ ጭስ የብርድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠፋ የሚቆይና ዓይንን የሚቆጠቁጥ ከሆነ ግን ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ነው፥ ይኸውም ከካንዴላው፣ ከፖምፓው ወይም፣ የከፋው፣ ከሲሊንደሩ መላላት ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚነድ ይመሰክራል። ጥቁር ጭስ ከሁሉ ይልቅ ቀላሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ወይም ለከፍታው ያልተስተካከለ ፖምፓ ነው፤ መንገድ በሚቆፈርበት በደቡቡ ዳርቻ የሚሠራ መኪና ደግሞ ይህን ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ይደፍናል።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ግፊቱ በፒስቶኑ ዙሪያ ወደ ታች እያመለጠ ነው፤ ይህ ሞተር መውረዱ አይቀርምና፣ የማውረዱ ወጪ ከዋጋው ላይ ካልተቀነሰ ግዢው አይሁን። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ ነው፤ በውሃው ላይ የዘይት ቅባት ከታየ ወይም ሞተሩ ሲነሣ አረፋ ከፈላ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ከዚያ በኋላ መኪናው ዳገት ሊወጣ ይገባል፤ ባዶውን ሳይሆን ሰው ሞልቶ። በሦስተኛ ማርሽ ሲጫን ሞተሩ ጮሆ መኪናው ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን አይገባም፤ ወደ ኋላ መመለሱ ቀላል ነው። የማይመለሰው ግን የፍሬን መርገጫው ጎማ፣ የሾፌሩ ወንበርና፣ ከሁሉም በላይ፣ ረዳቱ በየማቆሚያው የሚከፍተውና የሚዘጋው ተንሸራታች በር ነው፤ ሐዲዱ የተበላ፣ ሲዘጋም ወደ ላይ ማንሣት የሚያስፈልገው በር፣ ቆጣሪው ምንም ቢል ስለ ምልልሱ ብዛት እውነቱን ይናገራል። በላሜራው ላይ ማግኔት ቢያስጠጉት በማይዝበት ስፍራ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ይህ መልክን እንጂ ሕይወትን አይነካም፤ ሻንሲው ላይ የተገኘ ብየዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ከተፈቀደለት ሰው በላይ እየጫነ በኮረት መንገድ የኖረ መኪና ባሌስትራው ይረግባል፣ ሻንሲውም ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን በብየዳ የደበቀውን ሰው መኪና መተው ይሻላል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የ1186/2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ በዕድሜያቸው መጠን ታክሱ እንዲከብድባቸው ካደረገና፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከዕድሜው የማይጠበቅ ዋጋ ይዟል። ስለዚህ ርካሽ ሆኖ የቀረበ ሃይኤስ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ ከሞተሩ ሳይሆን ከወረቀቱ ይገኛል። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በብረቱ ላይ ከተቀረጹት ጋር መግጠማቸው፣ በተለይም ሞተሩ የተለወጠ ከሆነ ለውጡ በመዝገቡ መግባቱ፣ የባንክ ዕዳ ወይም እግድ አለመኖሩ፣ ቦሎው መታደሱና የታክሲ ፈቃዱ ለገዢው መተላለፍ መቻሉ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ይጣራ። የትራፊክ ቅጣት ተከማችቶ ከሆነም በሻጩ ላይ ይቆረጥ።

ሁሉም ተመርምሮ ስሙ ከተዛወረ በኋላ እንኳ መኪናው በዚያው ቀን ወደ ተራው አይግባ። በእነዚህ በኤል ሞተሮች ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በሥርዐት የሚያስኬደው የጥርስ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚለወጥ ሲሆን፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ተጋጭተው ሞተሩን ያበላሹታል፤ ቆጣሪውም የማይታመን ስለ ሆነ፣ መቼ እንደ ተለወጠ የሚያስረዳ ደረሰኝ ሻጩ ካላቀረበ እንዳልተለወጠ መቁጠር ነው። ቺንጋው፣ ዘይቱ፣ የናፍጣና የአየር ማጣሪያዎቹ በአንድ ቀን ይለወጡ፤ የተለወጡበትም ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ተጽፎ በሾፌሩ በር በኩል ይለጠፍ፤ ታፔላው ከዚያ በኋላ ይሰቀላል።