ተጨማሪ መረጃ፦ ገበሬዋ አሜሪካ ከተሜ ስትሆን

እ.ኤ.አ. በ1840 የቺካጎ ነዋሪ 4,500 ያህል ብቻ ነበር፤ በ1890 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ባቡሩ ከብቱንና እህሉን ወደ ከተማዋ ያጓጉዝ ነበር፤ የቄራውና የፋብሪካው ሥራ ደግሞ ገበሬውንና ከአውሮፓ የመጣውን ስደተኛ ሳበ።

የሚያሳዝነው የድሃው ማደሪያ ነው። በኒው ዮርክ የኪራይ ሕንፃዎች ብዙ ቤተሰብ መስኮት በሌለው ክፍል ተፋፍጎ ያድር ነበር፤ ሳንባ ነቀርሳም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመት ነበር። ጋዜጠኛው ጃኮብ ሪስ ይህን ኑሮ በ1890 በመጽሐፍ አጋለጠ። በ1901 የወጣው ሕግም በአዳዲስ ሕንፃዎች ለየክፍሉ መስኮት፣ ለየቤቱ መጸዳጃ እንዲኖር አስገደደ።

በ1920ው የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሜሪካ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከተሜ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፦ ቆጠራው 2,500 ሰው ያላትን ትንሽ ከተማም ይጨምር ነበር።