እርሾ ስለ ማስቀረት

በየዕለቱ የሚሠራ የእጅ ሥራ የሚጸናው ከዛሬው ተርፎ ለነገው በሚቀመጠው ነገር ነው። ብዙ ሰው ሥራን በደስታ ይጀምራል፤ ነገር ግን ለማግሥቱ መነሻ የሚሆነውን ስለማያስቀር ሥራው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይቋረጥበታል። ይህን ለማስተዋል የሚወድ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ እንጀራ ከሚጋገርበት ቤት ገብቶ ቡሓቃውን ቢመለከት ይበቃዋል።

መገናኛ በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ስፍራ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ከቦሌ፥ ከኮተቤና ከመሐል ከተማ የሚመጡ መንገዶች በዚያ ይገናኛሉ፤ በ2008 ዓመተ ምሕረት ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በዚያ ያልፋል። ጧት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ በቤቱ ለመጋገር ጊዜ ስለማያገኝ፥ እንጀራውን በመንገድ ዳር ካለው ሱቅ ገዝቶ ይገባል። ስለዚህም በከተማው ውስጥ ብዙ ሴቶች በቤታቸው እየጋገሩ ለሱቅ በማስረከብ ይተዳደራሉ። በየካ አካባቢ የሚኖሩትም ጤፋቸውን ከሾላ ገበያ ይሸምታሉ።

እንጀራ ለመጋገር አስቀድሞ የጤፉ ዱቄት ይነፋል፤ ቀጥሎም በውሃ ይቦካል፤ በዚያን ጊዜ ካለፈው ሊጥ የተረፈው እርሾ ይጨመርበታል። ሊጡም ተከድኖ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል። በእነዚህ ቀኖች ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል፥ ቢጫ መልክ ያለው ውሃም ከላይ ይቀራል። ባለሞያዋ ይህን ውሃ ቀድታ ታነሣዋለች፤ ከእርሱም ጥቂቱን በንጹሕ ዕቃ ለሚመጣው ሊጥ ታስቀምጣለች። ከዚህ በኋላ ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በውሃ እየተማሰለ በእሳት ላይ ይበስላል፤ ይኸውም አብሲት ይባላል። አብሲቱ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፥ ሊጡም ኩፍ ይላል። ምጣዱ በጋለ ጊዜ የጎመን ዘር ተነስንሶበት በማሰሻ ይታሰሳል፤ ሊጡም ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ይፈስሳል። ዓይኑ ሲወጣ አከንባሎው ይከደንበታል፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ዳሩ ሲነሣ በሰፌድ ይወጣል።

እርሾ ሕያው ነገር ነው። በውስጡ በማጉያ መነጽር ካልሆነ በቀር የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ፤ ከዱቄቱ የሚገኘውን ስኳር እየተመገቡ አንዳንዶቹ ሊጡን ያኮመጥጡታል፥ ሌሎቹም አየር ያወጣሉ። የእንጀራ ዓይን የሚባለው ይህ አየርና የውሃው እንፋሎት በምጣዱ ትኵሳት ወደ ላይ ሲወጡ የሚተዉት ቀዳዳ ነው። የፈረንሳይ ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1857 መኮምጠጥ የሕያዋን ሥራ መሆኑን ባስረዳ ጊዜ፥ የኢትዮጵያ እናቶች ምክንያቱን ሳይመረምሩት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይሠሩበት ነበር። ሕያው የሆነ ነገር ግን ጥበቃ ይፈልጋል። እርሾው ብዙ ቀን ተረስቶ ቢቀመጥ ይበላሻል፤ ዕቃው በደንብ ባይታጠብ ሌላ ሽታ ይገባዋል። ብርድ በሆነ ጊዜም ሊጡ ይዘገያል፤ ስለዚህ በእንጦጦ ግርጌ በሐምሌ የምትጋግር ሴት በመጋቢት ከምትጋግረው ይልቅ አስቀድማ ማቡካት ይገባታል።

አሁን አንዲት ሴት ቤቷን ለመርዳት እንጀራ እየጋገረች ልትሸጥ ተነሣች እንበል። ባልዋ ሥራ ፈትቶአል፥ የልጆቿም የትምህርት ቤት ክፍያ ቀርቦአል። የመጀመሪያው ፈተና ምጣዱ ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ደጋግሞ ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቅበታል፤ የተቀደደውም እንጀራ ለቤት ይሆናል እንጂ ለገበያ አይሆንም። ሁለተኛው ፈተና ሰዓት ነው፤ የቦካ ሊጥ ቀጠሮ አይሰጥምና። በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር እንደ ሆነች፥ እንዲህ ያለው ምጣድ እስከ 4 ኪሎዋት የሚደርስ ኀይል ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቀን ሥራው ይቆማል፥ ሊጡ ግን መኮምጠጡን አያቆምም። አስቀድማ ጥቂት ማገዶና የሸክላ ምጣድ ያሰናዳች ሴት ሥራዋን ትፈጽማለች፤ ያላሰናዳች ግን ሊጧን ትደፋለች።

ሦስተኛው ፈተና ከእነዚህ ይከብዳል፤ የሚመጣውም መልካም ቀን መስሎ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ጎረቤት ሰርግ ይደግስና «ያለሽን ሁሉ ጋግሪልኝ» ብሎ ይለምናታል። እርስዋም ገንዘቡን አይታ ሊጡን እስከ መጨረሻው አሟጣ ትጋግራለች፥ ቡሓቃውንም አጥባ ትደፋለች። ከተቀበለችውም ገንዘብ ለጤፍ መሸመቻ የሚሆነውን ሳትለይ ዕዳዋን ትከፍላለች፥ ልብስም ትገዛለች። በማግሥቱ እርሾ የለም፤ ወደ ሾላ ይዛው የምትሄደው ገንዘብም የለም። ባለ ሱቁ አንድ ቀን ይጠብቃታል፥ ሁለት ቀንም ይጠብቃታል፤ በሦስተኛው ቀን ከሌላ ሴት ይቀበላል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው ይሆናል።

ይህች ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ በዚያች ሌሊት ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ደክማለች። ዕዳ ላለበትና ልጆቹ ለራቡት ሰው፥ በእጁ ከገባው ገንዘብ ላይ ማስቀረት እጅግ እንደሚከብደው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሊፈረድባት አይገባም። ነገር ግን ልጆቿን ነገ የሚያበላቸው ያው የተቀመጠው ጥቂት ነው። የጤፍ መሸመቻው ከትርፉ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው መቋጠር አለበት፤ እርሱ የገንዘብ እርሾ ነውና።

እርሾ የጠፋባት ሴት ግን ተስፋ አትቁረጥ። ዱቄትና ውሃ እርሾ ሳይገባበት ብዙ ቀን ቢቀመጥ በራሱ ይቦካል፤ ሆኖም ይዘገያል፥ ጣዕሙም እንደ ልብ አይሆንም። ከዚህ የሚሻለው ከጎረቤት መለመን ነው። በኢትዮጵያ እርሾ መለመን ነውር አይደለም፤ መስጠትም አያጎድልም፤ የሰጠችው ሴት በሚቀጥለው ሊጥ ያንኑ ያህል ታገኛለችና። በሌላም አገር እርሾ እንዲሁ ይከበራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ታላቅ የምድር መናወጥና ቃጠሎ በሆነ ጊዜ፥ የቡዲን ዳቦ ቤት እመቤት የዳቦውን እርሾ በባልዲ ይዛ ከእሳት አወጣችው ተብሎ ይነገራል። ቤቱ ተቃጠለ፥ እንደገናም ተሠራ፤ እርሾው ግን ዳቦ ቤቱ ከተከፈተበት ከ1849 ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ነው ይባላል።

ይህ ነገር ለአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን ለከተማም ይሠራል፤ ለዚህም ምስክሩ ከመገናኛ በስተ ሰሜን የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓመተ ምሕረት ከተቈረቈረች በኋላ፥ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቈረጠ፤ በምትኩ ግን በቂ ዛፍ አልተተከለም። ማገዶ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1892 ዓመተ ምሕረት ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ሥራ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመፍለስ ያዳናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ደግሞም ሲቈረጥ ጉቶው ካልተነቀለ እንደገና ያቈጠቍጣል። ጉቶው የተራራው እርሾ ሆነ ማለት ነው።

ያንን ማገዶ ከእንጦጦ ወደ ከተማ ለብዙ ዓመታት በጀርባቸው ያወረዱት ድኾች ሴቶች ናቸው፤ ሸክማቸውም ከ30 ኪሎ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በማኅበር ተሰብስበው ሸክሙን በሽመና ሥራ ለውጠዋል። ስለዚህ በእንጨት የምትጋግር ሴት ማገዶ ልትቆጥብ ይገባታል። ምርጥ የተባለው፥ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ ምጣድ በጉልቻ ላይ ተጥዶ ከሚፈጀው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ያስቀራል። ጭስም ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ ስለ ሆነ፥ ማድ ቤቱ ጭስ መውጫ እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ጋጋሪዋ ዛሬ ዓይኗን ብትጎዳ ነገ በምን ትሠራለች?

ከሊጥና ከገንዘብ የሚበልጥ ሌላም የሚቀመጥ ነገር አለ፤ እርሱም የገዢ እምነት ነው። ጤፍ ሲወደድ ማሽላ ወይም ሩዝ መቀላቀል የተለመደ ነው፤ ለገዢውም ከተነገረው ነውር የለበትም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጀሶና ሰጋቱራ በእንጀራ ቀላቅለው የሚሸጡ ሰዎች መያዛቸው በቅርብ ዓመታት ተደጋግሞ ተሰምቶአል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ለጊዜው ትርፉ ይበዛለታል፤ ቢሆንም ቡሓቃውን አጥቦ እንደ ደፋ ሰው ነው። እርሾ ከጎረቤት ይለመናል፤ የጠፋ እምነት ግን ከማን ይለመናል?

የጤፍ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ናት፤ ወደ 3,000 የሚሆኑ ቅንጣቶች ተሰብስበው 1 ግራም ያህል ይመዝናሉ። እንደዚሁም ከዕለት ሥራ የሚቀረው ነገር ጥቂት ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አይናቅ። በቤቱ የዕለት ሥራ ሊጀምር የሚያስብ ሰው፥ መጋገር ቢሆን፥ መፍተል ቢሆን፥ ሰፌድ መስፋትም ቢሆን፥ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ለመሥራት አይቸኵል። ፈታይዋ ለማግሥቱ የሚሆን ባዘቶ፥ ሰፌድ ሰፊዋ አክርማና ስንደዶ፥ ጋጋሪዋም እርሾዋን አስቀምጣ ትደር። ማታም ሥራው ሲያበቃ «ዛሬ ስንት ሠራሁ?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው፤ «ለነገ ምን አስቀረሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ከዚያ ይሻላል።