አብራሪው ከማን ጋር ያወራል?

የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደን ዛሪማ ሻይ ልንጠጣ አረፍ እንዳልን፣ በራፍ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት በላያችን ነጭ መስመር እየሳለ የሚያልፈውን አውሮፕላን ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ይኸ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚያወራው? እኛ ገደሉን ተጠግተን ስልካችን እንኳ አይሰማ» አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት፤ ጥያቄው ግን ጎንደር እስክመለስ ድረስ አልለቀቀኝም።

የአዛውንቱ ጥርጣሬ ከሳይንሱ ብዙ አይርቅም። አብራሪና ተቆጣጣሪ በአብዛኛው የሚነጋገሩበት የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ሞገዱ ቀጥ ብሎ እንጂ ተራራ ዞሮ አይሄድም። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ አዘዞ ያለው የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። በ37,000 ጫማ ላይ ያለው ጄት ግድ የለውም። የሚቸገረው ዝቅ ብሎ የሚበረው ነው። ለሩቁ ኤችኤፍ የሚባለው ሬዲዮ አለ፤ ሞገዱ ላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ይመለሳል።

«ኤችኤፍማ የክረምት ወንዝ እያጓራ ማዶ ለማዶ መጣራት ነው» አሉኝ ስማቸውን እንዳልጠቅስ የነገሩኝ ጡረተኛ ተቆጣጣሪ። «ግማሹን ትሰማለህ፣ ግማሹን ከልምድ ትሞላለህ። መሙላቱ ነው የሚያስፈራው።»

ድሮ ይህም አልነበረም። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ፣ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ሲያርፍ መሪው የአብራሪው ዓይን ነበር። በ1938 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዳኮታዎቹ ከብት እየተባረረለት ሣር ላይ ያርፍ ነበር። ኤንዲቢ የተባለው መሣሪያ ሲመጣ፣ በአብራሪው ፊት ያለች መርፌ ወደ ጣቢያው ታመለክት ጀመር። ታዲያ ይህች መርፌ መብረቅ ትወዳለች፤ ነጎድጓድ ሲበረታ ጣቢያውን ትታ ወደ ደመናው ትዞራለች። መንገዱ በጠፋ ሰዓት መሪው ወደ ማዕበሉ ያሳያል ማለት ነው! ቪኦአር የተባለው መሣሪያ ይህን አስቀረ፤ እሱም ግን እንደ ቪኤችኤፍ ተራራ አያልፍም። ዛሬ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ብዙውን አቃሎታል።

ስለ ጎንደር መሣሪያዎች ይዞታ የጠየቅኳቸው ኃላፊ «በደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም ተመታበት። መልሱ ግን አልመጣም።

እኔን ከመሣሪያው ይልቅ ያሳሰበኝ ማይክሮፎኑን የያዘው ሰው ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ ቦይንግ 737 መውረጃውን አልፎ በ37,000 ጫማ ቀጠለ፤ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩትም መልስ አጡ። ሬዲዮው ደኅና ነበር፤ ያንቀላፉት አብራሪዎቹ መሆናቸው ተዘገበ። የነቁት በራስ-መሪው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ በሰላም አረፉ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2010፣ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ሥራ አቁመው ነበር። ዘጠኙ ታሰሩ። የኬንያ ባልደረቦቻቸው ማኅበር የአዲስ አበባ አየር ክልል ያሠጋል ሲል አስጠነቀቀ፤ ከአዲስ አበባ ማስተባበያ ተሰጠ።

«መሣሪያ ሲበላሽ ቴክኒሻን ይጠራል» አሉ ጡረተኛው። «እኔ ሌሊቱን ስደክም ቡና ነበር የሚጠራልኝ።»

የመሣሪያ ብልሽት ኖታም በሚባል ማስታወቂያ ለአብራሪዎች በየጊዜው ይነገራል። አዘዞ በረራው ለዘገየበት መንገደኛ ግን የምትደርሰው «በአየር ጠባይ ምክንያት» የምትለዋ ብቻ ናት። ኖታሙን በአማርኛ በሁለት መስመር አዳራሹ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ምን ይከብዳል? ያንንም ደብዳቤው ላይ ጽፌው ነበር።