የልጅ እግር በድንገት ሲዝል፥ ዓይኑም ሲጋረድ

የመብራት ሽቦ በላስቲክ እንደሚሸፈን፥ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት የነርቭ ክሮችም ማይሊን በሚባል ቅባትነት ባለው ልባስ ተሸፍነዋል። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ ይህንኑ ልባስ ያጠቃል። ልባሱ በተላጠበት ስፍራ መልእክቱ ይዘገያል፥ ወይም ይቋረጣል። ከዚህም የተነሣ የልጁ ዓይን ይጋረዳል፤ እግሩ ይዝላል፤ መሽናት ያቅተዋል፤ አንዳንዱም ይፈዛል።

ከእነዚህ ሕመሞች ስሙ የታወቀው መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። እየተመላለሰ የሚነሣ ሲሆን በጥቂቶች ላይ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራል። በትንንሽ ልጆች ዘንድ ግን፥ ከጉንፋን ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ በድንገት የሚነሣ የአንጎል መቆጣት አለ። ይህ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው፤ ብዙዎቹም ልጆች ታክመው ይድናሉ። ሦስተኛው ዓይንንና ኅብለ ሰረሰርን የሚያጠቃው ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ነው። ይህን ለመለየት የሚረዳው የደም ምልክት በ2004 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል። መለየቱም ግድ ነው፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህኛውን ያባብሱታልና።

ሕመሙ እርግማን አይደለም፤ ከልጅ ወደ ልጅም አይተላለፍም። ሐኪሞች ኢንፌክሽን አለመኖሩን ካጣሩ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ስቴሮይድ በደም ሥር ይሰጣሉ። ሕክምናው በዘገየ መጠን የጠፋው ብርሃንና የደከመው እግር የመመለስ ተስፋው ይቀንሳል።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፥ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከዛለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላክ። ለጤና ጣቢያም ይነገር፤ የፖሊዮ ክትትል ይመለከተዋልና። ለዚህም በ14 ቀን ውስጥ፥ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሰገራ ይወሰዳል። ሕክምናው ግን የምርመራውን ውጤት አይጠብቅም።

ምእመናንም ጸሎታችሁ ከልጁ ጋር ሆስፒታል ድረስ ይሂድ እንጂ በቤት አያስቀረው። ብዙ ጊዜ ቤተ ሰብን የሚያዘገየው የመጓጓዣ ገንዘብ ማጣት ነው፤ ይህን መሸፈን በእጃችን ያለ ነገር ነው። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ ቶሎ ሊደክም ይችላል፤ መምህሩ ይህን ቢያውቅ ሰነፍ አይለውም።