የቡና ዘር ለምን በቅዝቃዜ አይከማችም? ቋሚ ቅርጽ የሌላቸው ፕሮቲኖችና የሚጠኑበት ስልት

በሸካ ዞን ከምትገኘው ከማሻ ከተማ ደጋማ የእንሰት ማሳዎች ተነሥቶ ወደ የኪ ወረዳና ወደ ቴፒ ሲወረድ፣ ደኑ ውስጥ ቡና መታየት ይጀምራል። ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ይህ ቡና የዓረቢካ ቡና መገኛ የሆነው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሀብት አካል ነው፤ የሸካ ደንንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። የእንዲህ ዓይነቱ ቡና ዋጋ በገበያ ብቻ አይለካም። ሲቢዲ በመባል የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በሀገራችን በታየ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የተገኙት በደቡብ ምዕራብ ከነበሩ የቡና ዛፎች መካከል በመምረጥ ነበር። ዛሬ በስፋት የሚተከሉት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው።

ታዲያ ይህን ሀብት እንደ ጤፍና እንደ ገብስ በዘር መልክ አድርቆ ማስቀመጥ ለምን አልተቻለም? የጤፍ ወይም የገብስ ዘር የርጥበት መጠኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ እስኪሆን ደርቆ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ ሲከማች ለአሥርት ዓመታት የመብቀል ኃይሉን አያጣም። የዓረቢካ ቡና ዘር ግን ርጥበቱ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ መድረቅን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ይሞታል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ ሀገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ኤሊስ፣ ሆንግና ሮበርትስ ቡናን መነሻ አድርገው «መካከለኛ» ያሉትን አዲስ የዘር ምድብ አቅርበዋል።

ዘር መድረቅን እንዲቋቋም ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ፕሮቲን ነው፤ ያውም እንግዳ ጠባይ ያለው ፕሮቲን። ፕሮቲን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚፈጥሩት ሰንሰለት መሆኑ ይታወቃል። ለረጅም ዘመን የነበረው አስተሳሰብ ይህ ሰንሰለት ተጣጥፎ አንድ ቋሚ ቅርጽ ካልያዘ ሥራውን ሊሠራ አይችልም የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ሰንሰለታቸው ፈጽሞ የማይታጠፍ፣ በውኃ ውስጥ ያለማቋረጥ ቅርጹን የሚለዋውጥ ፕሮቲኖች በርካታ መሆናቸው ቀስ በቀስ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1981 በጥጥ ዘር ውስጥ ተለይተው የተገለጹት፣ ዘሩ ሊበስል ሲቃረብ በብዛት የሚመረቱት ሊያ የተባሉ ፕሮቲኖች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ከእነርሱ መካከል ዲሃይድሪን የሚባሉት በቡና ዘርም ውስጥ ተገኝተዋል።

የእነዚህን ፕሮቲኖች ጠባይ ለመረዳት የእንቁላል ነጭን ማሰብ ይበቃል። የእንቁላል ነጭ ሲቀቀል የሚረጋው የተጣጠፉት ፕሮቲኖቹ ተፈትተው እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው። ዲሃይድሪን ግን ቢፈላም አይረጋም፤ መጀመሪያውኑ የሚፈታ ቅርጽ የለውምና። ዘሩ ሲደርቅ ደግሞ ውኃ የለቀቀውን ቦታ በመሙላት ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳይጣበቁና የሕዋስ ሽፋን እንዳይጎዳ ያግዛል። አንዳንዶቹ የሊያ ፕሮቲኖች ውኃ ሲያጡ ነው ይበልጥ የሚጠመዘዙትና ቅርጽ የሚይዙት፤ ከተለመደው ተቃራኒ ማለት ነው። እርግጥ የቡና ዘር በቅዝቃዜ የሚሞተው በፕሮቲን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በዘሩ ውስጥ ያለው ቅባት ሲቀዘቅዝ የሚያሳየው ለውጥም ከፍተኛ ድርሻ አለው።

አስቸጋሪው ነገር ቅርጽ የሌለውን ነገር እንዴት መሳል ይቻላል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት በከፊል ያስገኘው አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ ይተነብያል፤ ለእያንዳንዱ የሰንሰለት ክፍልም ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የእርግጠኝነት ነጥብ ይሰጣል። ቋሚ ቅርጽ የሌላቸው ክፍሎች ላይ ሲደርስ ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በታች ይወርዳል፤ ሥዕሉም እንደተበተነ ክር ይሆናል። ይህን ሥዕል እንደ እውነተኛ ቅርጽ መውሰድ ስሕተት ነው። ትክክለኛው መልስ አንድ ቅርጽ ሳይሆን የብዙ ቅርጾች ስብስብ ነው። ተመራማሪዎች እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ እንደ አንድ ዶቃ ቆጥረው የሰንሰለቱን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ያሰላሉ፤ ከዚያም ውጤቱን በኤክስሬይና በማግኔታዊ መሣሪያዎች ከተገኘ ልኬት ጋር ያመሳክራሉ። በዚሁ ስልት እ.ኤ.አ. በ2024 በዴንማርክ የኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰው ፕሮቲኖች ውስጥ የሚገኙ 28,058 ቅርጽ አልባ ክፍሎችን አስልተው አሳትመዋል። ስሌቱ የተሠራው በውኃ ውስጥ ላለ ሰንሰለት ነው። የደረቀ ዘር ውስጥ ግን ውኃው ጥቂት፣ ስኳሩና ቅባቱ ብዙ በመሆኑ ለቡና ዘር የሚሆነው ስሌት እጅግ የከበደ ነው።

እስከዚያው የቡና ዝርያዎች የሚጠበቁት በሕይወት ባሉ ዛፎች ነው፤ አንድም በጅማ ዞን ጮጬ እንደሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የመስክ ጂን ባንክ፣ አንድም እንደ ሸካ ባለ ደን ውስጥ። ችግኝ የሚያፈሉ አርሶ አደሮችም ዘሩን ከበሰለ ቀይ እሸት ቡና ለቅመው፣ በእጅ ፈልፍለው፣ ከነገለፈቱ በጥላ ሥር አድርቀው፣ ወራት ሳያሳልፉ በችግኝ መደብ ላይ እንዲዘሩት ይመከራል።