የደብሩ ደን ለምን ካብ ያስፈልገዋል?

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ በመስኮት ይመልከቱ። ማሳው ገላጣ ነው፤ ድንገት ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ ብቅ ይላል። መሀሉ ላይ ጉልላት ካዩ ደብር ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ደግሞ የደብሩ ደን።

ሌላው ሲመነጠር ይህ እንዴት ተረፈ? ሽማግሌዎቹ ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው ይሉዎታል። መምህራኑ ዘፍጥረትን ይጠቅሳሉ፦ አዳም ገነት የገባው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። ዘዳግም 20ም ከተማ የከበበ ጦር እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። በቅዳሴም ስለ ዝናብና ስለ ምድር ፍሬ ይጸለያል። ይህን ጸልዮ ወጥቶ መጥረቢያ ማንሳት፣ ለእኔ አይገጥምም።

ታዲያ ስጋቱ ምንድን ነው? ሰው ግዝት ይፈራል፤ ፍየል አይፈራም። ከብት ለጥላና ለሣር ይገባል፤ የበቀለችውን ችግኝ ይቀነጥባል፣ ይረግጣል። ከሩቅ ለምለም የሆነው ደን፣ ጎንበስ ብለው ሲያዩት አንዲት የወይራ ቡቃያ ላይኖረው ይችላል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለውም።

የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ከብት ሲከለከል ችግኝ እንደሚተርፍም አሳይተዋል።

መከልከያው ካብ ነው፤ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ የድንጋይ አጥር ማለት ነው። ድንጋዩ ከየት ይመጣል? ከአጠገቡ ካለው ማሳ። ገበሬውን ሲያርስ የሚያስቸግረው ድንጋይ ተለቅሞ ደኑ ዳር ይካባል፤ ማሳው ይጠራል፣ ደኑም ይታጠራል። ትልልቁ ከታች ይሆናል፤ ክፍተቱ በትንንሹ ይሞላል። በር ይበጅለታል። በሩ ክፍት ከዋለ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ወጪውስ? ድንጋዩ በነጻ፣ ጉልበቱም በደቦ ሊሆን ይችላል። ካቡን ለሚክበው ባለሙያና ለበሩ ግን ገንዘብ ይወጣል። ከባዱን ዋጋ የሚከፍለው ግን በበጋ ሣር ሲጠፋ ከብቱን እዚያ ያሰማራ የነበረው ጎረቤት ነው። ካቡ ሳይጀመር ከእሱ ጋር ይመካከሩ፤ ሣሩን አጭዶ እንዲወስድ መፍቀድ አንዱ መላ ነው።

በደኑ ውስጥ ያለውን ገላጣ ቦታ በባሕር ዛፍ ለመሙላት አይቸኩሉ። ቶሎ ደርሶ ይሸጣል፤ ለአገር በቀሉ ችግኝ ግን ጥሩ ጎረቤት አይደለም።

የእርስዎ ደብር ደን ካለው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዛፎቹ ሥር ችግኝ ይፈልጉ። ካጡ ለሰበካ ጉባኤው ይንገሩ።